ከፓርቲው ስም በፊት ድምፁን ቁጠሪ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ንድፍ አነበብኩት። ፓርቲዎች በሠራዊት ውስጥ ስላሉ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት የያዙትን አቋም መምረጥሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ደስ ብሎኛል። ስለ አሜሪካ «ዴሞክራቶች ደጋፊ፣ ሪፐብሊካኖች ተቃዋሚ» የሚለውን ሠንጠረዥ ግን ቅደጂው እማዬ። አማካሪሽ በመጀመሪያው ጥያቄ ያፈርሰዋል።

1993ን ተመልከቺ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ፕሬዚዳንት ክሊንተን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሠራዊቱ እንዳያገለግሉ የሚከለክለውን እገዳ አነሳለሁ ብለው በምርጫ ቃል ገብተው ነበር፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በፓርቲያቸው እጅ ነበሩ። መንገዱን የዘጉባቸው ግን የራሳቸው ፓርቲ ሰው፣ የሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳም ናን ናቸው። የኢታማዦር ሹሞቹ ሰብሳቢ ኮሊን ፓወልም ተቃወሙ። በመጨረሻ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለው ስምምነት መጣ፤ ከመከላከያ በጀቱ ሕግ ጋር ተጠቃሎ ኖቬምበር 30 ቀን 1993 ተፈረመ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አስቢ። ከዚያ በፊት እገዳው የመከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ ስለነበር ከላይ በሚሰጥ ትእዛዝ መለወጥ ይቻል ነበር። ሕግ ከሆነ በኋላ ግን ያለ ምክር ቤት የሚነካው አልነበረም። ማስታረቂያ ተብሎ የመጣው ነገር ቋጠሮውን አጠበቀው።

አሠራሩንም በትክክል ግለጪ። መልማዩ አይጠይቅም፤ ወታደሩም አይናገርም። ለስንብት ሦስት ምክንያቶች ነበሩ፦ መናገር፣ ድርጊት መፈጸም፣ ከተመሳሳይ ፆታ ጋር መጋባት ወይም ለመጋባት መሞከር። አንድ ወታደር «ነኝ» ካለ ድርጊት እንደሚፈጽም ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክም የራሱ ነው። ከ13,000 በላይ ሰዎች በዚህ ተሰናብተዋል። ብዙዎቹ የስንብት ወረቀታቸው «በክብር» የሚል ቢሆንም፣ የስንብት ክፍያ የሚገባቸው ሰዎች ግማሹን ብቻ ያገኙ ነበር። አገሩን ያገለገለ ሰው በማንነቱ ምክንያት የስንብት ክፍያው ሲቆረጥ ማየት ያንገበግበኛል፤ ጽሑፍሽ ይህን በአንድ መስመር እንዳያልፈው።

ይህን ሕግ የሻረውን የ2010ሩን መሻሪያ በቀን በቀን አስቀምጪው። በሴኔቱ ክርክር ተዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። መሻሪያው በመከላከያ በጀቱ ረቂቅ ውስጥ እንዳለ ዲሴምበር 9 ቀን 57 ለ40 ሆኖ ወደቀ። ወዲያው ሪፐብሊካኗ ሱዛን ኮሊንስና ከፓርቲ ውጭ የነበሩት ጆ ሊበርማን ለብቻው አወጡት። የተወካዮች ምክር ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 250 ለ175 አጸደቀው፤ 15 ሪፐብሊካኖች ደገፉ፣ 15 ዴሞክራቶች ተቃወሙ። ሴኔቱ ዲሴምበር 18 ቀን መጀመሪያ ክርክሩን በ63 ለ33 ዘጋ፣ ቀጥሎ ሕጉን በ65 ለ31 አጸደቀ። ልዩነቱን ልብ በይ፦ ሪቻርድ በርና ጆን ኤንሲን የተባሉት ሪፐብሊካኖች ክርክሩ እንዳይዘጋ ድምፅ ሰጥተው፣ በሕጉ ላይ ግን «ይሁን» አሉ። ስለዚህ የደገፉት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ስድስት ናቸው ወይስ ስምንት? መልሱ በየትኛው ድምፅ እንደቆጠርሽ ይወሰናል። የትኛውን እንደያዝሽ ካልጻፍሽ ቁጥርሽ ስህተት ይመስላል።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ደግሞ እዚህ ነው፤ ኦባማ ዲሴምበር 22 ቀን ስለፈረሙ እገዳው የዚያን ቀን ያበቃ ይመስለዋል። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩና የኢታማዦር ሹሞቹ ሰብሳቢ ሠራዊቱ ዝግጁ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ፣ ከዚያም 60 ቀን እንዲቆይ ያዛል። ማረጋገጫው ጁላይ 22 ቀን 2011 ተሰጠ፤ እገዳው ሴፕቴምበር 20 አበቃ። የተፈረመበትን ቀንና የጸናበትን ቀን በተለያየ ዓምድ አስፍሪ።

ያልተካተተውንም ፈልጊ። መሻሪያው አድልዎን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረውም፤ የፆታ ዝንባሌ በሠራዊቱ የእኩል ዕድል መመሪያ ውስጥ የገባው በ2015 ነው። የትዳር ጓደኛ ጥቅማ ጥቅምም የፌዴራል መንግሥቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን እንዲያውቅ ያደረገውን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የጁን 2013 ውሳኔ ጠብቋል። በትእዛዝ ብቻ የተሰጠ መብት ደግሞ በትእዛዝ ይነሳል፤ ፆታቸውን የቀየሩ ወታደሮች በ2016 ተፈቀደላቸው፣ በ2019 ተከለከሉ፣ በ2021 ተፈቀደላቸው፣ በ2025 እንደገና ተከለከሉ።

ፍርድ ቤቱን አትርሺ። በሴፕቴምበር 2010 «አትጠይቅ፣ አትናገር» ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የተባለበትን ክስ የመሠረተው የሪፐብሊካን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ማኅበር ነው። በብሪታንያም የሌበር መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ የራሱን አገር ተመሳሳይ እገዳ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከራክሮለታል። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1999 ተረታ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2000 እገዳውን አነሳ። በ2023 በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ደግሞ የኮንሰርቫቲቩ ሪሺ ሱናክ ናቸው።

ስለ አገራችን የምትጽፊው ምዕራፍ አጭር ይሁን። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እሥራት ስለሚያስቀጣ፣ ጥያቄው ከሠራዊቱ መተዳደሪያ ደንብ በፊት ከወንጀል ሕጉ ይነሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገናዊነት ነፃ እንዲሆን ያዛል፤ እሱን ከአንቀጽ 25 የእኩልነት ድንጋጌ ጋር አንብቢው። ቃለ መጠይቅ እንዳታደርጊ አጥብቄ እለምንሻለሁ። ስም ብትደብቂ እንኳ ሰፈር፣ ዕድሜና የሥራ ቦታ ተደምረው ሰውን ያሳስራሉ። በሰነድ ብቻ ሥሪ።

የወንጀል ሕጉን ከማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትቅጂ። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የነጋሪት ጋዜጣ መሸጫ ስላለ ቅጂውን ፈልጌ እልክልሻለሁ። አንቺ እስከዚያ ሠንጠረዡን በአምስት ዓምድ አዘጋጂ፦ የተገባው ቃል፣ በእያንዳንዱ ድምፅ አሰጣጥ ፓርቲው እንዴት እንደተከፈለ፣ የተፈረመበት ቀን፣ የጸናበት ቀን፣ የቀረው ጉድለት። ሲያልቅ ላኪልኝ፣ ቁጥሮቹን አብረን እናመሳክራለን።

የምትወድሽ እናትሽ