ቅዳሜ፦ የራጅ ጨረር ጊዜ ልኬት ልምምድ

ውድ የባዮሜዲካል ቡድን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በወርክሾፑ ራጅ ክፍል ተገናኝተን የጨረር ጊዜ አለካካችንን አንድ እናደርጋለን። የመለኪያዎቻችን ውጤት የማይገጥመው በአብዛኛው በመነሻ ነጥቡ ነው፤ አንዱ ኪሎቮልቱ (የራጅ ቱቦው ቮልቴጅ) የከፍተኛውን 75 በመቶ ሲደርስ መቁጠር ይጀምራል፣ ሌላው የጨረሩ ጥንካሬ የከፍተኛውን 50 በመቶ ሲደርስ። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ከማኑዋሉ አይታችሁ ኑ።

ኤኢሲ (ጨረሩን በራሱ የሚያቆመው መቆጣጠሪያ) ይጠፋል። 80 ኪሎቮልት፣ ርቀቱ 100 ሴንቲሜትር፤ 10፣ 20፣ 100 እና 500 ሚሊሰከንድን ሦስት ሦስት ጊዜ እንለካለን፣ መጀመሪያ በ200 ሚሊአምፔር፣ ከዚያ በ50። በዝቅተኛ ሚሊአምፔር የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሉ ያጠራቀመው ቻርጅ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ኪሎቮልቱ ጭራ ያበጃል (ወዲያው ዜሮ አይወርድም)፤ 10 ሚሊሰከንዱ ረዝሞ የሚነበበው ለዚህ ነው። ስለዚህ የኪሎቮልቱን ሞገድ በኦሲሎስኮፕ ሳታዩ ታይመሩን አትንኩ!

በአሮጌው ባለ አንድ ፌዝ ማሽን ፐልስ (የጨረር ምት) እንቆጥራለን። ሙሉ ሞገድ (ሁለቱም የሞገዱ ግማሾች ፐልስ ሲሰጡ) በ50 ኸርዝ፣ 0.1 ሰከንድ 10 ፐልስ ነው (12 የሚሉት መጻሕፍት ለ60 ኸርዝ የተጻፉ ናቸው)።

መለኪያ፣ ማኑዋልና የግል ዶዚሜትር (የሚደርስባችሁን ጨረር የሚለካውን) ያዙ። ኦሲሎስኮፕ አንድ ይበቃናል፤ ማን ያመጣል? የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና የመለኪያችሁን ሞዴል እዚሁ ጻፉ።