ስለ ቀበናው ቤት ክዳን ለአባቴ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቀበናውን ቤት ክዳን በሸክላ ለመለወጥ ማሰብዎን እማዬ ነገረችኝ። ጉዳዩ በስልክ ተነጋግረው የሚጨርሱት ስላልሆነ ሐሳቤን በጽሑፍ ማቅረብን መርጫለሁ።

ሸክላ መመኘትዎ ተገቢ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራዲዮ ዜና መስማት እንደሚያቅትዎት፣ በረዶ ሲጥልማ ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር እንኳ እንደሚያዳግት አውቃለሁ። ሸክላ ወፍራም በመሆኑ ያን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ የቀኑን ፀሐይ ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ሌሊትም እንደ ቆርቆሮ ወዲያው አይቀዘቅዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከቆርቆሮው ሥር እየተንጠባጠበ የመኝታ ቤትዎን የአቡጀዲ ኮርኒስ ቡናማ በቡናማ ያደረገው ጤዛም በሸክላ ቤት እምብዛም አይታይም። ዝገት አያውቀውም፤ በደንብ የተተኮሰና በባለሙያ የተነጠፈ ሸክላ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ክብደቱ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሸክላ ክዳን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ የተለመደው ስስ ቆርቆሮ ግን ከ4 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የቤታችን ክዳን 90 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ 4 ኩንታል እንኳ ያልሞላ ቆርቆሮ ተሸክሞ የኖረው ግድግዳ 40 ኩንታል ይጫንበታል ማለት ነው፤ ሸክላው በሐምሌ ዝናብ ሲርስ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ተሸካሚው የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር በጭቃ የተመረገበት ግድግዳ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ባለፈው ስመጣ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ቋሚ ከመሬቱ ላይ በካቻቪቴ ብወጋው ብረቱ ያለ ትግል ዘልቆ ገባ፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው እንጨት ውስጡ ዱቄት ሆኗል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እርስዎና እማዬ በዚያ ቤት ውስጥ ነበራችሁ። መሬት ሲናወጥ ከላይ ያለው ጭነት በከበደ መጠን ግድግዳውን የሚገፋው ኃይልም ይበረታል። ይህን እያወቅሁ ሸክላ ይነጠፍ ለማለት አንጀቴ አይችልም።

ሌላም አለ። ሸክላ ውኃ እንዳያስገባ የጣሪያው ተዳፋት ከአሁኑ ከፍ ማለት ስላለበት ወራጁ ሁሉ ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ወጪውም በዚያው ይጨምራል። የጠየቅኋቸው አናጢዎችም እጃቸው የለመደው ቆርቆሮ ነው። ሸክላ የተሰበረውን ብቻ ነቅሎ መተካት ቢቻልም፣ አሸንዳ ሊጠርግ የወጣ ሰው አረጋገጡን ካላወቀበት ሌላ ሰብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ነው። በመጀመሪያ የበሰበሱት ቋሚዎች ይለወጡ። ከዚያ ክዳኑ በአዲስ ሞራሌ ላይ ወፈር ባለ፣ ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ይሠራ፤ መልኩን ከወደዱት የሸክላ ቅርጽ ያለውም ገበያ ላይ ይገኛል። ቅርጹ ብቻውን ድምፁን ስለማያጠፋው ግን አቡጀዲው ተነሥቶ የእንጨት ኮርኒስ ይመታ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም ድምፅና ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ንጣፍ ይግባ። ዝናቡን ጨርሶ ባያስረሳዎትም ራዲዮዎን በሰላም ያሰማዎታል፤ የማለዳውንም ነጠብጣብ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ወደፊት ቤቱን በብሎኬትና በኮንክሪት ቋሚ ለመሥራት ከበቃን ደግሞ ሸክላውን መርጬ የማመጣልዎት እኔ ነኝ።

ሥራው ዝናቡ ሳይጠነክር ማለቅ ስላለበት፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ አናጢውን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ከእማዬ ጋር ተመካክረው ሐሳብዎን ቢያሳውቁኝ፣ እንጨቱን ዋጋው ሳይጨምር እገዛለሁ።

አክባሪ ልጅዎ