ሰላዩ ሁልጊዜ የጎረቤት አገር ሰው ለምን ይሆናል?
(ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስለላ ፊልሞች ክፉ ገጸ ባሕርያትን በአገርና በመልክ መመደብን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስሆን፣ በአማርኛ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ላይ ትንንሽ ሚና እየተጫወትኩ የምተዳደር ተዋናይ ነኝ። ትንንሽ ስል በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ “ሰላይ 2” ተብለው የሚጻፉትን ማለቴ ነው። ቀይ ነኝ፣ ፀጉሬ ዞማ ነው፣ ጢሜም ቶሎ ያድጋል። ስለዚህ የስለላ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ስልኬ ይጠራል፤ ሚናውንም ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ። አንዳንዴ ግብፃዊ፣ አንዳንዴ ሱዳናዊ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ አገሩ ያልተለየ “ዓረብ”። የሰፈራችን ልጆች “ሰላዩ መጣ” ሲሉኝ አይከፋኝም፤ ቢያንስ ፊልሙን አይተውታል።

አንዱን የቀረጻ ቀን ላሳያችሁ። ቦታው ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ለሥራው የተከራየ ጅምር ቪላ ነበር። አልባሳት ያዥዋ ነጭ ጀለቢያ፣ መቁጠሪያና ትልቅ ፈርጥ ያለው ቀለበት ሰጠችኝ። ዳይሬክተሩ ሺሻው አጠገብ አስቀመጠኝና “አማርኛህን ሰበር ሰበር አድርገው፣ ከመሳቅህ በፊት አንዴ ሳብ” አለኝ። ስክሪፕቱን ደጋግሜ አገላበጥኩት። ይህ ሰው አዲስ አበባ ለምን እንደመጣ፣ ማን እንደላከው፣ ቢያዝ ምን እንደሚያጣ አንድ መስመር የለም። ጠየቅኩ። “ግብፃዊ ነው እኮ!” አለኝ ዳይሬክተሩ፣ ምን ነካህ በሚል ዓይን እያየኝ።

በዚያው ቀን የእኔ ጠባቂ ሆኖ ከኋላዬ የቆመው ከጋምቤላ የመጣ ጓደኛዬ ነው። በዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ በዲግሪ ተመርቋል፤ ድምፁን ብትሰሙት ቤት ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ግን ጥቁር መነጽር አድርጎ ከመቆም በቀር አንዲት ቃል አልተሰጠውም። በሻይ ሰዓት “አንተ ውጭ አገር ሰው ትሆናለህ፣ እኔ ደግሞ በገዛ አገሬ የውጭ አገር ሰው ዘበኛ” ብሎ አሳቀን። እኔ ከሳቁ በኋላ ማሰቤን አልተውኩም። ለአዘጋጁ የእሱ መልክ “ቅጥር ነፍሰ ገዳይ” የሚል ማመልከቻ ነው፤ የእኔም እንደዚያው። የባዕዱን ክፉ ስንመድብ በምንጠቀምበት ሚዛን የራሳችንን ሰው ሳይቀር እየመዘንን ነው።

የምናገረውን ዓረብኛ የምለማመደው በረንዳ ላይ ነው። ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ጎረቤቴ ልብስ እያሰጣች ሰማችኝና “ይሄ ደግሞ የየት አገር ዓረብኛ ነው?” አለች። የሳውዲም የግብፅም እንዳልሆነ አረጋገጠችልኝ። እሷ በዓረብ ቤት የደረሰባትን ግፍ በዝርዝር ልትነግራችሁ ትችላለች፤ ደግ የሆኑላትንም እንዲሁ። በፊልማችን ላይ ያለውን ሰውዬ ግን በሄደችበት ሁሉ አላየችውም። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሳውን ጦርነት ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ቤተሰብ ተከራይቷል። አባትየው ጠዋት ሱቅ በር ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። እኔ በሌላ ቀን የእሱን ጥምጣም ጠምጥሜ ግድብ ላፈነዳ ነው።

በእርግጥ ይህን ነገር እኛ አልጀመርነውም። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም ክፉው ግማሽ ቻይናዊ ግማሽ ጀርመናዊ ነው፤ የተጫወተው ግን በሜካፕ እስያዊ የመሰለ የካናዳ ተወላጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በመጣው “ጎልድፊንገር” ውስጥ ኮሪያዊውን ገዳይ የሠራው ሃሮልድ ሳካታ ሃዋይ የተወለደ የጃፓን ዝርያ ነው፤ በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በክብደት ማንሳት የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 እንደገዛች ለሚያውቅ ሰው ይህ ምደባ ይጎረብጣል፤ ኮሪያ በዘመተው ቃኘው ሻለቃ ውስጥ አያት ለነበረው ኢትዮጵያዊም ጭምር። የሶቪየትና የሩሲያ ክፉ ጄኔራሎቹን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የቦንድ ፊልም ሆላንዳዊ፣ በ1995ቱ ጀርመናዊ ተጫውተዋቸዋል። ሶቪየት ኅብረት የተማሩ አንድ ጋሼ ብሎካችን ውስጥ አሉ፤ እነዚህን ፊልሞች እንደ ኮሜዲ ነው የሚያዩዋቸው።

የጋሼ ትውልድ እኮ ሁለቱንም ቀምሷል። በንጉሡ ዘመን በከተማው ሲኒማ ቤቶች ክፉው ሩሲያዊ ነበር፤ ደርግ ሲመጣ ሩሲያዊው ጓድ ሆነና ክፉው ሲአይኤ ሆነ። ሰዎቹ አልተለወጡም። የተለወጠው ወዳጃችን ነው።

ከፖለቲካው ይልቅ የሚያስገርመኝ ገበያው ነው። “ሬድ ዶውን” የሚባለው የአሜሪካ ፊልም እንደገና ሲሠራ ወራሪዎቹ ቻይናውያን ሆነው ነበር የተቀረጹት። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ግን የቻይና ገበያ እንዳይዘጋ ተብሎ ባንዲራውና ዓርማው በኮምፒዩተር ተለውጦ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ወራሪዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ሆኑ። ተዋናዮቹ ያው ናቸው፣ ፊታቸውም ያው ነው። ፒዮንግያንግ ቲኬት አይሸጥም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ክፉ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተቆጥቶ ኪስ መጉዳት የማይችል አገር ሰው ነው።

እኛም ከእነዚያ አገሮች አንዱ ነን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው “ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት” ሞሳድ ቤተ እስራኤላውያንን በሱዳን በኩል ያወጣበትን ታሪክ ይዞ ተሠርቷል። ቀረጻው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነበር። ዋናውን ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አሜሪካዊ፣ ጨካኙን የሱዳን መኮንንም አሜሪካዊ። ኢትዮጵያዊውን የተጫወተው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ጎበዝ ተዋናይ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ስናይ የእኛ ሰው የእኛን አማርኛ ሲናገር ብንሰማ ኖሮ ምን ነበረበት አላልንም? አላችሁ፣ አልን። ያን ያለ ሰው በሳምንቱ ለገጣፎ ላይ ለእኔ ጀለቢያ ያለብሰኛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ክልከላ አታውጡ። “የውጭ አገር ዜጋን በክፉ ማሳየት አይቻልም” የሚል ደብዳቤ ቢበተን ነገ “ሰላይ 2” ስም ከሌለው አገር መጥቶ ያንኑ ሺሻ ይስባል። ከግብፅ ጋር በዓባይ ላይ ያለን ክርክር እውነት ነው፤ ሰላይም በዓለም ላይ አለ። ግብፃዊ ሰላይ ያለበት ፊልም ይሠራ፣ እኔም ልጫወተው። ብቻ ሰውዬው ምክንያት ይኑረው። ዴልታው ላይ ያለው የአባቱ እርሻ ይደርቃል ብሎ ከልቡ የሚያምን፣ የእኛ ልጆች በጭለማ ማጥናታቸው ደግሞ የማይታየው ሰው ብሆን፣ ተመልካቹ በእውነት ይፈራኛል። አሁን የሚስቅብኝ ነው።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለፊልም ድጋፍ ስትሰጡ ወይም የውጭ አገር ቀረጻ ሲመጣ ባመልካቹ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ባዕድ የሆነው ገጸ ባሕርይ ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው፣ ማንስ ይጫወተዋል? ለመከልከል አይደለም። ጽፎ ለመመለስ ብዕር ያነሳ አዘጋጅ “ግብፃዊ ነው እኮ” ብሎ ማለፍ ያሳፍረዋል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ዐዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቷል። ሆኖም ፕሮዲዩሰሮች “ሱዳናዊ ቀጥሩ” ሲባሉ “ፈቃዱ ጣጣ አለው” ብለው ወደ እኔ ይደውላሉ። ለሁለት ቀን ቀረጻ ወይም ለቋንቋ አማካሪነት አንድ ስደተኛ በምን አኳኋን እንደሚቀጠር ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር ሆናችሁ አጭር መመሪያ ብታወጡ፣ ከተማው በሚፈለገው ፊትና አንደበት የተሞላ ነው። ቦሌ ሚካኤል ሶማሌው አለ፣ እኛ ጋ ሱዳናዊው አለ፣ የመናዊውና ኤርትራዊውም አለ። እኔ ሥራ ላጣ እችላለሁ። ለጋምቤላው ጓደኛዬ ቃል ያለው ሚና ከተገኘ ግን የእኔ ጉዳይ ይደርሳል፤ ሐኪም ሆኜ ብጫወት አይከፋኝም።

ልታነጋግሩን ብትፈልጉ እኔ፣ ጓደኛዬና ከጅዳ የተመለሰችው ጎረቤቴ ለመምጣት ዝግጁ ነን። ከአራብሳ መገናኛ ጠዋት የታክሲ ሰልፉ ስለማይቀመስ ከአራት ሰዓት በኋላ ብትቀጥሩን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
“ሰላይ 2”፣ ቦሌ አራብሳ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት