ወደ ኸርሺ መላክ ውድቀት አይደለም

ለተከበሩ የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

አንድ የበረዶ ሆኪ ቡድናችን የዋሽንግተን ካፒታልስ ወጣት ወደ ታችኛው ቡድን ወደ ኸርሺ ቤርስ በተላከ ቁጥር ገጻችሁ ዜናውን እንደ መርዶ ያወጣዋል። ልጁ አልሆነለትም፣ ተስፋ ተቆርጦበታል ትሉናላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን አብዛኞቻችን በእግር ኳስ ያደግን ሰዎች ነን፤ የበረዶ ሆኪን አሠራር የምንሰማው ከእናንተ ነው። ስለዚህ ነገሩ መቃናት አለበት ብዬ ጻፍኩ።

ኸርሺ በቸኮሌት ፋብሪካዋ የምትታወቅ የፔንስልቬንያ ትንሽ ከተማ ናት። ቡድኗ የሚጫወትበት የአሜሪካን ሆኪ ሊግ፣ በአጭሩ ኤኤችኤል፣ 32 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ካፒታልስ ከሚጫወትበት ከላይኛው ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ አንድ ክለብ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። አገር ቤት ተስፋ ቡድን የምንለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ኸርሺ የራሱ ደጋፊና የራሱ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። የኤኤችኤልን ዋንጫ፣ ካልደር ካፕን፣ 13 ጊዜ አንስቷል፤ በዚህ የሚስተካከለው የለም።

ሲጀመር፣ ልጁ የተላከው ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። በኤንኤችኤል ደንብ ነባር ተጫዋችን ወደ ታች የሚልክ ክለብ መጀመሪያ በዌቨርስ ለሌሎች ክለቦች ማቅረብ አለበት፤ የፈለገው ይወስደዋል። አዲስ ገቢዎች ግን ከዚህ ነጻ ናቸው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ነባሩን እንዳይነጠቅ ብሎ አስቀርቶ የተሻለውን ወጣት የሚልክበት ጊዜ አለ። የቢሮ ሒሳብ ነው።

ዋናው ነገር ግን ታች የሚጠብቀው አሰልጣኝ ነው። ኮነር ማክማይክልን እንውሰድ። ካፒታልስ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክለቦች በየተራ ወጣቶችን በሚመርጡበት ዓመታዊ ምልመላ በ25ኛ ደረጃ መረጡት። በ2021-22 በዋናው ቡድን 68 ጨዋታ ተሰልፎ 9 ግብ አገባ፤ የሚሰጠው ደቂቃ ግን ጥቂት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ወደ ኸርሺ ተመለሰና የውድድር ዘመኑን አብዛኛውን እዚያው አሳለፈ፤ በወቅቱ አሰልጣኝ በቶድ ኔልሰን ሥርም ዋንጫ በላ። ወደ ላይ ሲመለስ በ2023-24 18፣ በ2024-25 ደግሞ 26 ግብ አስቆጠረ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ትልልቆቹን ሲያይ ቢከርምም እዚህ ይደርስ ነበር የሚለኝ ካለ እከራከረዋለሁ።

የታችኛው አሰልጣኝ ትልቁ ስጦታው የጨዋታ ደቂቃ ነው። ተጋጣሚው በቅጣት በሰው ሲያንስ፣ ፓወር ፕሌይ በሚባለው ጊዜ፣ ልጁን ያስገባዋል፤ ቡድኑ በሰው ሲያንስ ደግሞ ተከላከል ይለዋል። ከታዳጊ ሊግ በኮከብነት የሚመጡት ብዙዎቹ ግብ አግባ እንጂ ተከላከል ተብለው አያውቁም፤ ፓኩን፣ የሆኪዋን ጠፍጣፋ ኳስ፣ ሲነጠቁ ቆመው የሚያዩ ሞልተዋል። ሲሳሳት ቪዲዮው ይከፈትለታል፣ ይነገረዋል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ተራው ይገባል። ላይኛው ሊግ ላይ ያው ስህተት እስከ ጨዋታው ማብቂያ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከኤኤችኤል 72 ጨዋታዎች ብዙዎቹ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ስለሚገፉ ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ጨዋታ የሚደራረብበት ጊዜ አለ፤ በመካከሉ አውቶቡስ ነው። ያደክማል። በአንጻሩ የሳምንቱ መካከለኛ ቀናት ለልምምድ ይተርፋሉ፤ ከከተማ ከተማ በአውሮፕላን የሚከንፍ የኤንኤችኤል አሰልጣኝ ይህን ያህል የልምምድ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሠራው እያሸነፉ ነው። የኸርሺ ሰው ዋንጫ ይጠብቃል፣ ዋሽንግተን ተጫዋች ይጠብቃል። ላይ አንድ ሰው ከተጎዳ ምርጡ ልጅ በአንድ የስልክ ጥሪ ይሄዳል፤ የነገው ጨዋታ ወሳኝ ነው ብሎ የሚያዝንለት የለም። አሰልጣኙ ቡድኑን በነባሮች ልሙላው እንዳይልም፣ በሊጉ ደንብ ግብ ጠባቂ ሳይቆጠር ከሚያሰልፋቸው 18 ተጫዋቾች ቢያንስ 13ቱ በማደግ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ ከ260 በላይ የፕሮፌሽናል ጨዋታ ያላደረጉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኔልሰን በ2023ም በ2024ም ካልደር ካፕን አንስቷል። ገጻችሁ ላይ ስሙን ያነበብኩት አይመስለኝም።

አሰልጣኞቹም ቢሆኑ የሚበስሉት እዚያው ነው። የካፒታልሱ ስፔንሰር ካርበሪ ከኤኤችኤል አንድ እርከን ዝቅ ከሚለው ኢሲኤችኤል ጀምሮ ኸርሺን ከ2018 እስከ 2021 አሰልጥኗል፤ በሦስቱም ሊጎች የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሏል፤ የኤንኤችኤሉን ያገኘው በ2025 ነው። ማክማይክል በ2020-21 ኸርሺ ላይ በእሱ እጅ አልፏል፤ ካርበሪ በ2023 ካፒታልስን ሲረከብ ልጁን እንደ አዲስ መተዋወቅ አላስፈለገውም።

ሁሉም ሰምሮ ያልቃል እያልኩ አይደለም። በየሳምንቱ ላይና ታች እየተመላለሰ የትም ሳይረጋ የሚቀር ልጅ አለ፤ ዝግጁ ሆኖ ቦታ ስላልተገኘለት ብቻ ሁለት ሦስት ዓመት የሚከርምም አለ። በዚህ የምወቅሰው ግን ምደባውን የሚወስነውን የላይኛውን ቢሮ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ወጣት ሲላክ በየትኛው መስመር እንደተሰለፈ፣ ፓወር ፕሌይ ላይ ይግባ አይግባ፣ ምን እንዲያሻሽል እንደታዘዘ ጻፉልን። ኸርሺ ከዋሽንግተን በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም፤ ጋዜጠኛ ልካችሁ አሰልጣኙን ራሱን ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ