ቄጠማው ውስጥ ማን አለ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሂርማታ ገበያ አንድ እቅፍ ቄጠማ ገዝቼ ገባሁ። ስጎዘጉዘው የተሰበረች የእንቁላል ቅርፊት ከመሀሉ ወደቀች፤ ጭቃ የነካት፣ ጣት ጫፍ ላይ የምታርፍ። ባለቤቴ «ይልቅ ጀበናው እየገነፈለ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጨፌ ባየሁ ቁጥር ነገሩ ይከነክነኛል።

የሚከነክነኝ በአንዲት ወፍ ምክንያት ነው። ሳይንሱ ሳሮትሩራ አይረሲ ይላታል። ድንቢጥ ብታክል ነው። እንደ አይጥ በሳር ውስጥ ለውስጥ ትሮጣለች፣ ሊረግጧት ካልደረሱ በቀር አትነሳም፣ ስትነሳም የክንፏን ነጭ ብልጭ አድርጋ እዚያው ሳሩ ውስጥ ትጠፋለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከዋና መራቢያዎቿ አንዱ ደግሞ እዚሁ አገራችን፣ አዲስ ዓለም አካባቢ ያለው የበርጋ ረግረግ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ከኢትዮጵያ ውጭ ስትራባ ያየ አልነበረም፤ ያኔ ነው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳር መሀል የተተከለ ካሜራ ያጋለጣት። የበርጋ ሰዎች በክረምት፣ እሷ በምትፈለፍልበት ጊዜ፣ ከብቶቻቸውን ከረግረጉ ለማራቅ ተስማምተዋል። ይቻላል ማለት ነው።

እዚህ ጅማ ያለው የቦዬ ረግረግ ላይ አለች አልወጣኝም። ግን ቦዬ ሄዳችሁ እዩ። አንዱ ጫፍ ለጡብ ይቆፈራል፣ ሌላው ላይ ባሕር ዛፍ ቆሞ ውሃውን ይመጠዋል፣ የተረፈው ላይ ከብት ይርመሰመሳል፤ እና እዚያ ሳር ውስጥ ምን እንደሚኖር ሳናውቅ ነው ይሄ ሁሉ። የሚገርመው የክልላችን ምክር ቤት ጨፌ ነው የሚባለው፤ የገዳ ጉባኤ ይቀመጥበት ከነበረው ለምለም መስክ የወጣ ስም ነው። ስሙን አዳራሽ አስገባን፣ መስኩን ለጡብ ሰጠን።

ቄጠማ ሽያጭ ይቁም ማለቴ አይደለም፤ ልጆቹ ደብተር የሚገዙት በእሱ ነው፣ እኔም ያለ ቄጠማ ቡናው አይጥመኝም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን ከዳር ከዳር ይታጨድ፣ መሀሉ ይቆይ። ቀበሌዎች ከአጫጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወፍ የሚያውቁ ባለሙያዎችም አንድ ክረምት ቦዬ ቆመው ያዳምጡልን።

ቅርፊቷን ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የምን ወፍ እንደሆነች የሚለይ ሰው ካለ ይዤ እመጣለሁ። የዶሮ ነው ካለኝም አላፍርም።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ