የትምህርት ቤት ድጎማው ግንቦት ላይ ከደረሰ ለማን ይጠቅማል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «እኛ ዛፍ ሥር ተምረን ለወግ ለማዕረግ በቅተናል፤ የዛሬ ተማሪ የጎደለው ትጋት እንጂ ገንዘብ አይደለም» ብለው የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ በምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ።

ዛፍ ሥር የተማረው ልጅ እኮ መጽሐፍ ነበረው። እኔ ሥራ ስጀምር መስከረም ላይ ቁጥር የተጻፈበትን መጽሐፍ እያስፈረምን እናድል ነበር። ሰኔ ላይ ቆጥረን እንረከባለን፤ የቀደደም ይከፍላል። አሁንስ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ ሳይዳረስ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ዞረ። ስማርት ስልክ ያለው ወላጅ አወረደው። ትንሽ ብር ያለው ፒያሳ ሄዶ ፎቶ ኮፒ አስደረገ። ሁለቱም የሌለው ልጅ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈለትን ብቻ ይዞ ቤቱ ይገባል።

የልጅ ልጄ ማታ ማታ ከጓደኛዋ ጋር በአንድ ስልክ ታጠናለች። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አየኋቸው። የሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ዑደት) ሥዕል ደብተራቸው ላይ ሊገለብጡ ነው። ሲያሰፉት ግማሹ ከስክሪኑ ይወጣል። ሲያሳንሱት የሬዚስተሩ ቁጥር አይነበብም። አንዷ በጣቷ እያንቀሳቀሰች ሌላዋ ትስላለች። መሀል ላይ ባትሪው አለቀ፤ መብራትም ጠፍቶ ነበር። በሻማ ጨረሱት፣ የቀረውንም በግምት ሞሉት። እነዚህ ልጆች ትጋት አነሳቸው የሚል ካለ መጥቶ ይያቸው።

ውጤቱን ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ ተመስገን ነው፤ ግን አሁንም ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው አላለፈም። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰንፎ ነው እንበል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅስ ምን ሊባል ነው? በእኛ ክልል ደግሞ የጸጥታው ችግር ተጨምሮበት ስንቱ ልጅ ከነጭራሹ ከትምህርት ገበታ ርቋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ድጎማ አለ። በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። መደበኛው በጀት አብዛኛው በደመወዝ ስለሚያልቅ ርዕሰ መምህሩ ለመማር ማስተማሩ ላውለው የሚለው ገንዘብ ይኸው ድጎማ ነው።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ገንዘቡ ግንቦት ላይ ደረሰ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ማጣቀሻ መጽሐፍና የላብራቶሪ ዕቃ ለመግዛት ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅ አለ፤ ዕቃው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ጊዜ የለም። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን እጅ ላይ የተገኘው ነገር ተገዛበት። የግቢው በር ተቀባ። ለቢሮ ወንበር ገባ። አጥሩ ተጠገነ። ማንም አልሰረቀም፤ ደረሰኙን አንድ በአንድ አይቻለሁ። ላብራቶሪው ግን እንደተቆለፈ ነው። አሜትር (የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ) በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ አሜትር እንዴት ይያያዛል ተብሎ ይፈተናል። የፊዚክስ መምህር ነኝና ይኼ ያንገበግበኛል።

«ገንዘብ ለውጥ አያመጣም» የሚሉት ሰዎች ማስረጃ የላቸውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የታንዛኒያ ጥናት 350 ትምህርት ቤቶችን ይዞ ነበር። ድጎማ ብቻ የተሰጣቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸው ውጤት አልተሻሻለም። ድጎማውን ከመምህራን ማበረታቻ ጋር አንድ ላይ ያገኙት ግን ተሻሻሉ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ለ12 የትምህርት ዓመታት ሙሉ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ በ10 በመቶ ያደገላቸው ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ ገቢያቸው በ7 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። የድሃ ልጆች ደግሞ ይበልጥ ተጠቅመዋል። እዚያ ጭማሪው የዋለው የክፍል ተማሪን ቁጥር ለመቀነስ፣ ለመምህራን ደመወዝና የትምህርት ጊዜውን ለማርዘም ነበር። በየዓመቱ ሳይቋረጥ መጥቷል፤ ልጁ ጋም ደርሷል።

መምህሩን ሳላነሳ አላልፍም። ወጣት የሥራ ባልደረቦቻችን የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ አልቻሉትም። ከክፍል ወጥተው ማታ ቤት ለቤት ያስጠናሉ። የሚያስጠኑት የሚከፍለውን ልጅ ነው። ጠዋት ደክሟቸው ይመጣሉ። ይህንን ስብከት አይፈታውም፤ ደመወዝ ነው የሚፈታው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ድጎማው ትምህርት ሲጀመር፣ መስከረም ላይ ይለቀቅ። መጽሐፍና የላብራቶሪ ዕቃ የታዘዘበት ገንዘብ ሰኔ 30 ደረሰ ተብሎ አይመለስ፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገር። ስንት እንደመጣና ምን እንደተገዛበት በር ላይ ይለጠፍ፤ ወላጅም ተማሪም ያንብበው።

የእኛ ኮሚቴ የሚያስፈልገውን መጽሐፍና ዕቃ ዘርዝሮ፣ ዋጋ አስጠይቆ ፋይሉን ለርዕሰ መምህሩ አስረክቧል። ገንዘቡ መስከረም ላይ ከገባ በማግስቱ ግዢ እንጀምራለን።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ማራኪ፣ ጎንደር