ወደ ምዕራብ የሚያየው መስኮት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ሆድሽ ውስጥ ያለችው እንግዳችንስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሰላም ናት።

ትናንት ቤቱን በቪዲዮ ስታሳዪን ብዙ አልተናገርኩም። እናትሽ እልልታውን ስታቀልጠው እኔ ዝም ያልኩት ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ልጄ በላቧ ቤት ገዛች፤ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ? ዓይኔ መስኮቶቹ ላይ ቀርቶ ነው። ለሕፃኗ ያሰብሽው ክፍል ውስጥ ስትገቢ ስልኩ በአንዴ ነጭ ሆነ፤ ፊትሽ እንኳ አልታይ አለኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው። ያ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው ማለት ነው። ፍሬሙ ያ የድሮው ስስ አሉሚኒየም፣ መስታወቱም ነጠላ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ላስ ቬጋስ መጀመሪያ የገባንበት አፓርታማ ትዝ ይልሻል? ሰባት ዓመትሽ ነበር። የመኝታ ቤትሽ መስኮት ላይ የወጥ ቤት ፎይል በቴፕ ለጥፌበት ነበር። አንድ ቀን ጓደኛሽ መጥታ «ቤታችሁ ለምን ይጨልማል?» ብላሽ አለቀስሽ። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ ፎይሉን ቦጫጭቄ ጣልኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ክፍሉ እንደ ምጣድ ግሏል። አንቺና እናትሽ ሳሎን ወለል ላይ፣ ኤሲው ሥር፣ ፍራሽ አንጥፋችሁ ተኝታችኋል። ላብ ግንባርሽ ላይ ፀጉርሽን አጣብቆታል። ቆሜ አየሁሽና ወጥቼ ሌላ ፎይል ገዛሁ። ልጄ፣ የልጅ ልጄ እንደዚያ ተኝታ ማየት አልፈልግም።

አንቺ ያለሽበት ፊኒክስ ደግሞ ከኛም ይብሳል። በ2023 ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ 31 ቀን በተከታታይ ሙቀቱ 110 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሆኖ ዋለ። 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚያ ዓመት ፊኒክስ ያለችበት ማሪኮፓ ካውንቲ ከሙቀት ጋር የተያያዘ 645 ሞት መዝግቧል። ውጭ የወደቁ ብቻ አይደሉም፤ ቤታቸው ውስጥ የሞቱም አሉበት። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ኤሲሽ አንድ ቀን ቀጥ ቢል ቤቱ ለምን ያህል ሰዓት ሊያቆያችሁ ይችላል የሚለውን መስኮቱም ስለሚወስነው ነው።

አሁን የኔን ስህተት ልንገርሽ፤ አንቺ እንዳትደግሚው።

ቤት በገዛን በሁለተኛው ዓመት አንድ ሻጭ በር አንኳክቶ መጣ። ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ምላስ። «ዛሬ ከፈረምክ ብዙ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደብል ነው?» ባለ ሁለት መስታወት ማለቴ ነው። «አዎ፣ ደብል ነው» አለ። ፈረምኩ። ሁሉም መስኮት በአንድ ጊዜ፣ በብድር። መጥተው ገጠሙ። ድምፁ ቀነሰ፣ አቧራውም ቀነሰ። ሰመር ሲመጣ ግን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የሚተኛው የፀሐይ ቁራጭ እንደ ድሮው እግር ያቃጥላል። የመብራት ቢሉም እንደጠበቅኩት አልወረደም። ግራ ገባኝ።

መስኮት ሲገጥም የኖረ አንድ ያገራችን ልጅ ቤታችን መጣ። «ጋሼ፣ ጧፍ አለ?» አለኝ። እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ሰጠሁት። ማታ መብራቱን አጥፍቶ ጧፉን መስታወቱ ፊት ያዘው። መስታወቱ ውስጥ አራት ነበልባል ታየኝ፤ ሁለት መስታወት አራት ገጽ አለው። «ቀለማቸውን እይ» አለኝ። አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። «አየህ ጋሼ፣ አንዷ ለየት ማለት ነበረባት። ሎው-ኢ የለውም» አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሎው-ኢ የሚሉት መስታወቱ ላይ የሚቀባ በጣም ስስ የብረት ሽፋን ነው። ብዙ ጊዜ የብር ማዕድን አለበት። በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ብርሃኑን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን ወደ መጣበት ይመልሳል። ሁለት መስታወት ብቻውን የአየሩን ሙቀት ይቀንሳል እንጂ ፀሐይዋን አያቆማትም። ፀሐይ በንጹሕ መስታወት ሰተት ብላ ነው የምትገባው፤ አንድም ሆነ ሁለት። እንዳንቺ ባለ በረሃ ሽፋኑ የውጪኛው መስታወት የውስጥ ገጽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከቤት ውስጥ ሆነሽ ጧፍ ብትይዢ ከአንቺ ሲቆጠር ሦስተኛዋ ነበልባል ናት ቀለሟ የሚለየው።

አዲስ መስኮት ላይ ወረቀት ተለጥፎ ይመጣል። ብዙ ቁጥር አለው፤ አንቺ ሁለቱን ብቻ እይልኝ። አንደኛው ዩ-ፋክተር ይባላል። ውጭና ውስጥ ሲለያይ ምን ያህል ሙቀት በመስኮቱ እንደሚያልፍ ይነግርሻል። ሁለተኛው የፀሐይ ሙቀት ቁጥር ነው፤ እነሱ በአጭሩ ኤስ-ኤች-ጂ-ሲ ይሉታል። 0.23 ካለ ከመስኮቱ ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ሙቀት 23 በመቶው ብቻ ይገባል ማለት ነው። ሁለቱም ዝቅ ባሉ ቁጥር ይሻላል፤ ለአንቺ ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። 0.23 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ አትቀበዪ። በረዶ አገር ያለ ሰው ፀሐይዋ እንድትገባለት ሊፈልግ ይችላል። ሻጩ የሚያወራልሽ የሚኒሶታን መስኮት እንዳይሆን።

ግን ልጄ፣ ከመስታወቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ይህን ያስተማረችኝ አያትሽ ናት፤ ነፍሷን ይማረውና። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የባቡር ሠራተኞች ቤት ነበር ያደግኩት። መስኮቱ ከውጭ በኩል የእንጨት መዝጊያ ነበረው፤ ቁርጥራጭ ጣውላ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተደረደረ፣ በመሐሉ ቀጭን ነፋስ የሚያሳልፍ። እማዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በፀሐይ በኩል ያለውን ትዘጋለች። ፀሐይዋ ስትዞር እሷም ዞራ የሌላውን ወገን ትዘጋለች። ማታ ሁሉንም ትከፍታለች። ኤሲ የሚባል ነገር አናውቅም። ቤቱ ግን ቀዝቃዛ ነበር። «ፀሐይ አንዴ ከገባች አትወጣም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። መጋረጃ ከውስጥ ነው። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ መጋረጃውን ካገኘችው ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው ያለው። መቆም ያለባት ውጭ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውጪ። ምዕራቡ መስኮት ላይ ከውጭ የፀሐይ ስክሪን አስገጥሚ። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ወይም ቡናማ መረብ ነው፤ ፊኒክስ ውስጥ በየቤቱ ታይዋለሽ። 80 ወይም 90 በመቶ ፀሐይ የሚያግድ አለ። ከመስኮት ጋር ሲተያይ ዋጋው ትንሽ ነው። የመኝታ ቤቱ ላይ ሲሆን ከውስጥ ተገፍቶ በቀላሉ የሚነሳ መሆኑን አረጋግጪ። ስክሪኑ ሌላም ጥቅም አለው። ሎው-ኢ መስታወት ፀሐይዋን ሲመልስ ከጎረቤት የፕላስቲክ ሣር ላይ ሊያሳርፋት ይችላል፤ ሣሩ ይቀልጣል። እኛ ሰፈር ቀልጦ አይቻለሁ፤ እንደ ሰም ተኮማትሮ። ስክሪን ካለ ያ አይመጣም።

መስኮቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትቀይሪ። ብድር ውስጥ አትግቢ፤ ልጅ እየመጣብሽ ነው። ምዕራቡን አስቀድሚ፣ ቀጥሎ ምሥራቁን። የደቡቡ ሊቆይ ይችላል። ሰመር ላይ ፀሐይ እላይ አናት ላይ ስለምትሆን የጣራው ክፈፍ ራሱ ብዙውን ያጠላበታል። የምዕራቧ ናት ጎንበስ ብላ የምትገባው፤ ክፈፍ አያቆማትም። የሰሜኑን ለመጨረሻ ተዪው።

ፍሬሙን በተመለከተ፣ ተራ አሉሚኒየም እንዳትመልሺበት። አሉሚኒየም ሙቀት እንደ ማንኪያ ነው የሚያስተላልፈው። ነገ ከሰዓት የአሁኑን ፍሬም ከውስጥ በኩል በእጅሽ ጀርባ ንኪው፤ ይገባሻል። ቪኒል የሚሉት ፕላስቲክ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ይቻላል። ነጭ ወይም ክሬም ይሁን እንጂ ጥቁር አይሁን፤ ጥቁር ቪኒል በዚህ ፀሐይ ሊጣመም ይችላል። ፋይበርግላስ፣ የመስታወት ክር ያለበት ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ይወደዳል፣ ግን ሲሞቅና ሲበርድ ከመስታወቱ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል ይሰፋል ይጠባል። ማሸጊያው ቶሎ አይላላም። ለምዕራቡ መስኮት ከቻልሽ ፋይበርግላስ ባይ ነኝ።

ጥሩ መስኮት በመጥፎ እጅ ከተገጠመ ዋጋ የለውም። ግድግዳሽ ስታኮ፣ ከውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ስለሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የድሮውን ፍሬም ትቶ አዲሱን በውስጡ ማስገባት ነው። ይረክሳል፣ ግድግዳም አይነካም። ግን ክፍተቱን ያጠበዋል። የመኝታ ቤት መስኮት ደግሞ እሳት ቢነሳ መውጫ ነው። ለአዲስ ሥራ ሕጉ ብዙ ጊዜ የሚለው፣ ሲከፈት 5.7 ስኩዌር ፊት ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ስፋቱ ከ20 ኢንች፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች አይነስ ነው። የሕፃኗ ክፍል መስኮት ትንሽ ናት። በመለኪያ ሳይለኩ «ይሆናል» ቢሉሽ አትመኛቸው። ሌላው መንገድ ስታኮውን ቆርጦ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ይወደዳል፣ አቧራም አለው፣ ግን ውሃ የሚያግደውን ነገር እንደገና በትክክል ይሠሩታል።

ውሃ ስል እንዳትስቂ። በረሃ ቢሆንም ሞንሱኑ፣ የሰመሩ ማዕበል፣ ሲመጣ መጀመሪያ የአቧራው ግድግዳ፣ ተከትሎ ያ ዝናብ በጎን ነው የሚመታው። ከፍሬሙ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃ መውጫ ናቸው። አንድ ሠራተኛ «ልድፈነው» ብሎ በሲሊኮን እንዳይዘጋው። አንቺም በዓመት ሁለቴ በድሮ የጥርስ ብሩሽ አቧራውን ጥረጊው።

የቤቱ ወረቀት ላይ የተሠራበት ዓመት 1976 ይላል ብለሽኛል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። የድሮው መስኮት ሲነቀል አቧራው ይነሳል። አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽ። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አትኖሪም፤ ይህን አልከራከርም። ቀለሙም አስቀድሞ ይመርመር።

ጥቅምት መግባቱ ጥሩ ነው። ከአሁን እስከ መጋቢት ድረስ ያለው ነው የሥራ ጊዜ። ሐምሌ ላይ ግድግዳ ቀዳዳ ሆኖ መዋል አይታሰብም። ሦስት ሰው ጥሪና ዋጋ አስጽፊ፤ በአፍ አይሁን። የመስኮቱ ሁለቱ ቁጥሮች ውሉ ላይ ይጻፉ። የላይሰንሳቸውን ቁጥር በአሪዞና የኮንትራክተሮች መዝገብ ላይ እይው፤ በነፃ ነው። ግማሹን ቅድሚያ ካልከፈልሽ የሚልሽን ተይው። ሰፈሩ ኤች-ኦ-ኤ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ካለው ቀለሙን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። አንዳንዱ አሁንም የፌደራል የታክስ ቅናሽ አለ እያለ ይሸጣል። ለመስኮት በዓመት እስከ 600 ዶላር የሚደርሰው ያ ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። እንደኔ ቤትሽ ቁጭ ብሎ አሳምኖ ካስፈረመሽም፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ የመሰረዝ መብት አለሽ። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሌሊት ከተነሳሁ ለቁርስ እደርሳለሁ። መሰላሉን፣ ሜትሩንና ጧፉን ይዤ ነው የምመጣው። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት አንዱን መስኮት ቀይሬያለሁ ብሎ የለ? ማታ እንፈትሸዋለን። እናትሽ በርበሬና በሶ ልካልሻለች፤ ለአራስ የሚሆነውን ደግሞ ራሷ ይዛ ትመጣለች።

እስከዚያ የሕፃኗን አልጋ ከመስኮቱ አርቀሽ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጊው። ማንም በር ቢያንኳኳ፣ አባቴ ቅዳሜ ይመጣል በዪው።

አባትሽ
ከላስ ቬጋስ